ከአራቱ ኸሊፋዎች ሦስቱን የገደለው እጅ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በኋላ ሙስሊሞችን ከመሩት ከአራቱ ቅን ኸሊፋዎች መካከል ታመው፣ በአልጋቸው ላይ ሆነው ወደ አኺራ የሄዱት አቡበክር ሲዲቅ (ረ.ዐ.) ብቻ ናቸው። ዑመር (ረ.ዐ.) በመስጊድ ውስጥ፣ በሶላት ላይ እንዳሉ ተወጉ። ዑስማን (ረ.ዐ.) በገዛ ቤታቸው ተከበው ተገደሉ። ዐሊ (ረ.ዐ.) ለሱብሒ ሶላት እንደወጡ በሰይፍ ተመቱ። ይህን ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ ከሸኾቻችን ሰምተነዋል፤ አልቅሰንበታልም። ይሁንና ስለ ሕዝብ ደኅንነት፣ ስለ ሽብርና ስለ በቀል የሚያስተምር ጉዳይ አድርገን የተመለከትነው ስንቶቻችን ነን? ዛሬ አሸባሪነት በተባለ ቁጥር ጆሯችን የሚያቃጭለው የውጭ ሬድዮ በሚነግረን ቋንቋ ነው። በመሠረቱ ግን ጉዳዩ በቤታችን ከ1,400 ዓመት በፊት የተነሣ፣ ሶሓቦችም መልስ የሰጡበት ነው።

እስቲ ከዑመር እንጀምር። ዘመኑ 23 ዓመተ ሂጅራ፣ ወሩ ዙልሒጃ ነበር። አቡ ሉእሉኣ የተባለ የሙጊራ ኢብን ሹዕባ ባሪያ ጌታው በየቀኑ የሚያስከፍለው ገንዘብ በዛብኝ ሲል ለኸሊፋው አቤት አለ። ዑመርም የሚሠራውን ሥራ ጠየቁት። አናጺና ብረት ሠሪ፣ ብዙ ሙያ ያለው መሆኑን ሲሰሙ ክፍያው ያን ያህል አይከብድህም አሉት። ሰውየው ሲሄድ ሰዎች የሚያወሩለት ወፍጮ እሠራልሃለሁ የሚል ንግግር ጣል አደረገ። ዑመርም አብረዋቸው ለነበሩት ይህ ባሪያ ዛተብኝ አሉ። ዛቻ መሆኑን እያወቁ ግን አላሰሩትም፤ አላስደበደቡትም። ሰው በንግግሩ ብቻ የሚቀጣበት ሥርዓት አልነበራቸውምና።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቡኻሪ በዝርዝር ዘግበውታል። ዑመር ለሱብሒ ሶላት ተክቢራ እንዳሉ ሰውየው ሁለት ስለት ባለው ጩቤ ወጋቸው። ሲሸሽም በግራም በቀኝም ያገኘውን እየወጋ አሥራ ሦስት ሰዎች አቆሰለ፤ ከእነርሱም ሰባቱ ሞቱ። አንድ ሰው ካባውን ወርውሮበት መያዙን ባወቀ ጊዜ ጩቤውን በራሱ ላይ አዞረ። አንባቢ ልብ ይበል! ለሶላት የተሰበሰበ ሕዝብ፣ ያገኘውን ሁሉ የሚወጋ ገዳይ፣ መጨረሻው ራስን ማጥፋት። ዛሬ በየዜናው የምንሰማው ከዚህ በምን ይለያል? ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ ወደፊት ተስበው ሶላቱን አጭር አድርገው አሰገዱ። በመስጊዱ ዳርና ዳር የነበሩት ሰዎች የዑመር ድምፅ ከመቋረጡ በቀር ምን እንደተፈጠረ አላወቁም ነበር። ዑመርም ገዳያቸው ማን እንደሆነ ኢብን ዐባስን አስጠይቀው ሲነገራቸው፣ ሞታቸውን ሙስሊም ነኝ በሚል ሰው እጅ ባለማድረጉ አላህን አመሰገኑ።

እዚህ ድረስ ያለውን አብዛኞቻችን እናውቃለን። ቀጥሎ የተፈጸመውን ግን በኹጥባ ላይ ብዙ ጊዜ ሲነገር አልሰማሁም። የዑመር ልጅ ዑበይዱላህ በሐዘን ነደደ። ጩቤው ከግድያው በፊት በእነማን እጅ እንደታየ ተነገረው። ወሬውን እንደሰማ ሰይፉን አንሥቶ ሁርሙዛን የተባለውን ፋርሳዊ ገደለ፤ ጁፈይና የተባለውን የሒራ ክርስቲያን ገደለ፤ ከዚያም አልፎ የአቡ ሉእሉኣን ትንሽ ሴት ልጅ ገደለ። ሁርሙዛን የሰለመ ሰው ነበር። ልጅቱ ምን አጠፋች?

ሶሓቦች ዝም አላሉም። ዑበይዱላህን ይዘው ሰይፉን ነጠቁት፤ አሰሩት። ዑስማን ኸሊፋ ሆነው ሲመረጡ ከመጀመሪያዎቹ ጉዳዮቻቸው አንዱ ይህ ነበር። ዐሊ ይገደል ብለው ፈረዱ። ሌሎች ደግሞ ትናንት አባቱ ተገድሎ ዛሬ ልጁ ይገደላልን ሲሉ ተከራከሩ። በመጨረሻም ዑስማን የሟቾቹ ወልይ እኔ ነኝ በማለት የደም ካሳውን ከገንዘባቸው እንደከፈሉ ተዘግቧል። በፍርዱ ላይ ዑለማዎች ብዙ ተናግረዋል፤ የእኛ ነገር እዚያ ላይ አይደለም። የእኛ ነገር ይህ ነው፦ የምእመናን መሪ በመስጊድ ተገድሎ፣ ገዳዩ ከሌላ ሃይማኖትና ከሌላ ዘር ሆኖ ሳለ፣ የገዳዩን ወገን መግደል ትክክል ነው ያለ ሶሓባ አልተገኘም። ክርክራቸው ሁሉ ወንጀለኛው እንዴት ይዳኝ የሚል ነበር። ወንጀል መፈጸሙን የካደ የለም።

ይህን የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በረመዳን፣ በጎንደር ከተማ አንድ የሃይማኖት አባት ለመቅበር የወጡ ሙስሊሞች ጥቃት ደረሰባቸው። ከሃያ በላይ ሰው ሞተ፤ መስጊዶችና የሙስሊም ሱቆች ተቃጠሉ፤ ተዘረፉ። ከዚያ በፊት በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በሞጣ መስጊዶች ተቃጥለው ነበር። ቁስሉ የእኛ ነው፤ ማንም አሳንሶ ሊነግረን አይችልም። ነገር ግን ከጎንደሩ ጥፋት ሁለት ቀን በኋላ በወራቤ ቤተ ክርስቲያን ሲቃጠል እጃቸውን ያነሡት የእኛ ልጆች ነበሩ። የወራቤ ክርስቲያን በጎንደር ቀብር ላይ ድንጋይ ወርውሯልን? ያ ወጣት ያደረገውን ለዲኑ ያደረገ መስሎት ይሆናል። ከሥራው ጋር የሚመሳሰል ቢፈልግ የሚያገኘው የዑበይዱላህን ሰይፍ ነው፤ ያንን ሰይፍ ደግሞ የነቢዩ ጓደኞች ከእጁ ነጥቀውታል። በሱረቱል ማኢዳ 8ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) ለሕዝብ ያለን ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያወጣን ያዝዛል። ይህ አንቀጽ የወረደው ለተበደለ ሰው እንጂ ለጠገበ ሰው አይደለም።

የዑስማንን ጉዳይ እዚህ በሰፊው አላነሣውም፤ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። በ35 ዓመተ ሂጅራ ከበባው ሲጠናባቸው ሊዋጉላቸው ለመጡት ሶሓቦች በእኔ ምክንያት የሙስሊም ደም አይፍሰስ ብለው እንደመለሷቸው ማስታወስ ብቻ ይበቃል።

ወደ ዐሊ ዘመን ስንመጣ ግን ነገሩ መልኩን ይለውጣል። አሁን ገዳዩ የውጭ ሰው መሆኑ ቀርቶ ከሙስሊሙ ሰፍ የወጣ፣ ግንባሩ በሱጁድ የጠቆረ፣ ሌሊቱን በቁርኣን የሚያሳልፍ ሰው ሆነ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስቀድመው ሲያስጠነቅቁ፣ እናንተ ሶላታችሁን ከእነርሱ ሶላት ጋር ስታወዳድሩ ታሳንሱታላችሁ፤ የሚቀሩት ቁርኣን ግን ከጉሮሯቸው አያልፍም በሚል ትርጉም የነገሩን ሰዎች፣ ኸዋሪጅ ማለት ነው።

ኸዋሪጆች ከሲፊን ጦርነት በኋላ ዐሊና ሙዓዊያ በሽምግልና እንዲዳኙ በመስማማታቸው ተቆጥተው ወጡ። መፈክራቸው ፍርድ የአላህ ብቻ ነው የሚል ነበር። ዐሊ ይህን ሲሰሙ ቃሉ እውነት እንደሆነ፣ የተፈለገበት ጉዳይ ግን ሐሰት እንደሆነ ተናገሩ። እኔ በበኩሌ ስለ ጽንፈኝነት ከዚህ ያጠረና የጠለቀ ትንታኔ አላውቅም። ወጣቱን የሚያታልለው ፊት ለፊት የቆመ ሐሰት አይደለምና፤ እውነተኛ አንቀጽ ነው፣ ከቦታው ተነቅሎ።

ዐሊ ምን አደረጉ? ሠራዊት አላዘመቱም። በመስጊድ ውስጥ እየተነሡ ኹጥባቸውን እያቋረጡ ሲጮኹባቸው ሦስት ነገር አረጋገጡላቸው፦ ከአላህ መስጊዶች አንከለክላችሁም፤ እጃችሁ ከእጃችን ጋር እስካለ ድረስ ከግምጃ ቤት የሚደርሳችሁን አንነፍጋችሁም፤ እስካልጀመራችሁንም አንዋጋችሁም። የኸሊፋውን ሃይማኖት ለካደ ቡድን የተሰጠ ዋስትና መሆኑን አንዘንጋ። ከዚያም ኢብን ዐባስ ሊያነጋግሯቸው ሄዱ። መልካም የየመን ልብስ ለብሰው ነበርና ገና ሲደርሱ በልብሳቸው ተቹአቸው! ኢብን ዐባስም ለዚያ መልስ ሰጥተው ቅሬታችሁ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። እየመከሩ አልጀመሩም፤ ሰሙ። ሦስት ቅሬታ ቀረበ። አንደኛው በአላህ ጉዳይ ሰዎችን ዳኛ አደረገ የሚል ነበር፤ ኢብን ዐባስ በኢሕራም ላይ ሆኖ አውሬ ያደነ ሰው ጉዳይና የባልና ሚስት ጠብ በሰዎች ዳኝነት እንዲታይ ቁርኣን ማዘዙን አሳዩአቸው። ሁለተኛው በጀመል ጦርነት ተዋግቶ ምርኮ አልወሰደም የሚል ነበር፤ እናታችሁን ዓኢሻን ልትማርኩ ኖሯል ወይ አሏቸው። ሦስተኛው የምእመናን መሪ የሚለውን ማዕረግ ከስምምነቱ ጽሑፍ ፋቀ የሚል ነበር፤ በሑደይቢያ ነቢዩ ራሳቸው የአላህ መልእክተኛ የሚለው ቃል እንዲፋቅ መፍቀዳቸውን አስታወሷቸው። በዚያ አንድ ውይይት ከመካከላቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተመለሱ። በሰይፍ ቢሆን ስንት ሰው ይሞት ነበር?

የቀሩት አልተመለሱም። የታሪክ ጸሐፍት ስለ እነዚህ ቀሪዎች የጻፉት ሰውን ያስደነግጣል። በመንገድ ላይ ከዛፍ የወደቀች አንዲት ቴምር ያነሣን ጓደኛቸውን ባለቤቱ ሳይፈቅድ ብለው አስተፍተውታል። የክርስቲያን አሳማ የገደለውን ደግሞ ባለቤቱን እንዲያስደስት አድርገውታል። በዚያው ሰዓት የሶሓባው የኸባብ ልጅ ዐብዱላህ እጃቸው ገብቶ ነበር፤ ስለ ዐሊ ያለውን አስተያየት ጠይቀው መልሱን ስላልወደዱት በወንዝ ዳር አረዱት፤ ነፍሰ ጡር የነበረችውንም ሚስቱን ገደሉ። ቴምር ያስጠነቀቃቸው ሰዎች የሰው ደም አላስጠነቀቃቸውም። ሰውን ከእስልምና ካስወጡት፣ ማለትም ተክፊር ካደረጉት በኋላ ደሙ ለእነርሱ ውኃ ነበር። ዐሊ ገዳዮቹን ብቻ እንዲያስረክቡ ጠየቁ፤ ሁላችንም ገድለነዋል የሚል መልስ መጣ። የነህረዋን ውጊያ የተደረገው በ38 ዓመተ ሂጅራ፣ ከዚህ መልስ በኋላ ነው።

ይኸው አስተሳሰብ በዘመናችን ስሙን ለዋውጦ መጥቷል። ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የግብጹን ፕሬዚዳንት ሙባረክን ለመግደል ጥይት ተተኮሰ፤ እንግዳ ሆኖ በመጣ ሰው ላይ፣ በሰው አገር። በነሐሴ 1 ቀን 1990 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ የአሜሪካ ኤምባሲ ሲፈነዳ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ ኬንያውያን መንገደኞችና ሠራተኞች ነበሩ። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቦሌ አካባቢ ሁለት ሰዎች ለእግር ኳስ ተመልካች ያዘጋጁት ፈንጂ በራሳቸው ላይ ፈነዳ። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. በሞቃዲሾ አንድ መኪና ሙሉ ፈንጂ ከአምስት መቶ በላይ ሰው ሲጨርስ የሞተው ሁሉ ማለት ይቻላል ሙስሊም ነበር። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በሊቢያ የታረዱትን ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች፣ ለእንጀራ የተሰደዱ የጎረቤቶቻችንን ልጆች፣ ማን ይረሳል?

በአንጻሩ የማንዴራን አውቶቡስ እናስታውስ። በኅዳር 2007 ዓ.ም. በሰሜን ምሥራቅ ኬንያ ታጣቂዎች አውቶቡስ አስቁመው ሙስሊም ያልሆኑትን ለይተው ሃያ ስምንት ሰው ገደሉ። ከዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም.፣ በዚያው አካባቢ ሌላ አውቶቡስ ቆመ፤ ተለዩ ተባሉ። በዚህ ጊዜ ግን ሙስሊሞቹ ተሳፋሪዎች እምቢ አሉ። ሴቶቹ ሒጃባቸውን ለክርስቲያን እህቶቻቸው አለበሱ፤ ሁላችንንም ግደሉን ወይም ልቀቁን አሉ። ሁለት ሰው ሞተ፤ የቀሩት ተረፉ። ከቆሰሉት አንዱ፣ ሙስሊም መምህር፣ ከሳምንታት በኋላ በሆስፒታል ዐረፈ፤ አላህ ይዘንለት። ሰባኪ አልነበሩም፤ የገና ሰሞን መንገደኞች ነበሩ። የማኢዳን 32ኛ አንቀጽ፣ አንዲትን ነፍስ ያለ አግባብ መግደል ሁሉን እንደመግደል፣ ማትረፍም ሁሉን እንደማትረፍ የሚቆጥረውን፣ በአውቶቡስ ወንበር ላይ ተረጎሙት።

እንግዲህ ጥያቄው እንዴት እንከላከል የሚለው ነው። መጀመሪያ ቀላሉን ላንሣ። በዒድ ሶላት መግቢያ ላይ የሚፈትሹ ወጣቶች ሲያስቆሙን ፊታችንን እናኮሳትራለን፤ ለአላህ ቤት ፍተሻ ምንድን ነው እንላለን። በሱረቱ ኒሳእ 102ኛው አንቀጽ የተደነገገው የፍርሃት ሶላት ግን ከፊሉ ሲሰግድ ከፊሉ መሣሪያውን ይዞ እንዲጠብቅ ያዝዛል፤ ነቢዩ በመካከላቸው እያሉ! ቀስት ይዞ በመስጊዳችን ወይም በገበያችን የሚያልፍ ሰው ጫፉን እንዲይዝ ያዘዘው ሐዲስም በቡኻሪና በሙስሊም አለ፤ ሳያስበው እንኳ ሰው እንዳይነካ። ሙዓዊያም ከግድያ ሙከራ በቆሰሉ ጊዜ በመስጊድ ውስጥ ከለላ አሠርተው ዘበኛ አቁመዋል። ፈታሹን ማመስገን እንጂ መገላመጥ አይገባም።

ከባዱ ጥቆማ ነው። ብዙ ወንድሞች ስለ አንድ ሰው የሚያሰጋ ነገር ቢያውቁ እንኳ ጀሱስ ላለመባል ዝም ይላሉ። የሰውን ነውር መሰለል በሱረቱል ሑጁራት በእርግጥ የተከለከለ ነው። ማን ምን መጽሐፍ እንደሚያነብ፣ ጺሙን ስንት ጣት እንዳስረዘመ ለባለሥልጣን መሸከም ሐራም ከመሆኑም በላይ ነውር ነው። ፈንጂ እንደሚያዘጋጅ ወይም የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ማቃጠያ ነዳጅ እንደሚያከማች የታወቀን ሰው መናገር ግን ሌላ ነው። ከመርከቡ ታች ያሉት ውኃ ለመቅዳት ወለሉን ሊበሱ ሲሉ ላይ ያሉት ዝም ካሉ ሁሉም እንደሚሰጥሙ ነቢዩ የመሰሉት ምሳሌ ለዚህ ነው። በዳይን እንኳ እጁን በመያዝ እርዱት ብለዋል።

እዚህ ላይ ለመንግሥትም የሚባል አለ። ሰው የሚጠቁመው ሲያምን ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 በሰላም ድምፃችን ይሰማ ባሉ ሙስሊሞች ላይ ተመዝዞ፣ የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። በኋላ ተፈቱ፤ አዋጁም በ2012 ዓ.ም. በቁጥር 1176 ተተካ። ነገር ግን አቤቱታ አቅራቢ አሸባሪ በተባለበት አገር እውነተኛው አሸባሪ ሲመጣ ሕዝቡ ስሙን እንኳ እንዴት ይመን? ዐሊ የሰጧቸው ሦስት ዋስትናዎች የየዋህነት አልነበሩም። አሳቢውን ከገዳዩ ለይተው ገዳዩን ብቻውን ያስቀሩበት መንገድ ነበር፤ ኢብን ዐባስ ሺዎቹን የመለሱትም ያ በር ክፍት ስለነበረ ነው። አንድ ኢማም ዛሬ ከተሳሳተ ወጣት ጋር ቢቀመጥ፣ አብሮ ተጠርጣሪ እንደማይሆን ማን ዋስ ይሆነዋል?

በመጨረሻ ወደ ኩፋ እንመለስ። ጦበሪ እንደዘገቡት ዐብዱረሕማን ኢብን ሙልጀም በ40 ዓመተ ሂጅራ ዐሊን ሊገድል ኩፋ ሲገባ ቀጧም የምትባል ሴት አገኘ። አባቷና ወንድሟ በነህረዋን ሞተውባታል። ሊያገባት ሲጠይቅ መህሯ ሦስት ሺህ ድርሃም፣ ወንድ ባሪያ፣ ሴት ባሪያና የዐሊ ሞት እንደሆነ ነገረችው። ሸቢብ ለተባለ ሰውም ምስጢሩን ነገረው። ሸቢብ መጀመሪያ ደነገጠ፤ እናትህ ትጣህ አለው፤ የዐሊን ቀዳሚነት፣ ለእስልምና የደከሙትን አስታወሰ። ኢብን ሙልጀም የነህረዋን ሙታንን አነሣበት፤ ሸቢብም እሺ አለ። በረመዳን ሱብሒ ሁለቱም በመስጊዱ በር አደፈጡ። ዐሊ ተመትተው በወደቁ ጊዜ ያዘዙት ታሳሪው እንዲበላና እንዲጠጣ፣ ቢሞቱም እርሱ ብቻ በአንድ ምት እንዲገደል፣ አካሉ እንዳይቆራረጥ፣ ዘመዶቻቸውም የምእመናን መሪ ተገደለ እያሉ በሙስሊም ደም እንዳይዋኙ ነበር።

ሸቢብ ግን አልተያዘም። አንድ ሰው ሰይፉን ነጥቆ ደረቱ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሕዝቡ እየሮጠ ሲመጣ ሰይፉ በእጁ ስላለ እርሱን ገዳይ እንዳይሉት ፈርቶ ለቀቀው። ሸቢብም በጎህ ጨለማ ከሕዝቡ ጋር ተቀላቅሎ ወጣ። ያን የመጀመሪያ ድንጋጤውን ይዞ ከአንድ ቀን በፊት ወደ መስጊድ ሄዶ ቢሆን ኖሮ፣ ከበሩ ዐሊ ድረስ የሚያግደው ዘበኛ አልነበረም።

ወላሁ አዕለም።